የእጅ ባትሪ የሚሰበስብ አለ እዚህ? ከነብሯ ጀምሮ ያለኝን ልዘርግፍ

ባለሞላው
ሰላም ለቤቱ። እዚህ ስለ ቴምብር፣ ስለ ድሮ ብር፣ ስለ አሮጌ ሬዲዮ ብዙ ሲወራ አነባለሁ፣ የእጅ ባትሪ የሚሰበስብ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም እና ወሬውን እኔው ልጀምረው። አዎ ባትሪ ነው ያልኩት፣ ዘበኛ ከጋቢው ስር የሚያወጣት። የቡፌው ታችኛው መሳቢያ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው። ባለቤቴ "ሰው ቤት ይሠራል አንተ ባትሪ ትለቅማለህ" ትላለች፣ ግን መብራት ድንገት ድርግም ሲል ቀድማ የምትጠራው ስም የኔው ነው ሃሃሃ

ከመሳቢያው ዋናዋ ያቺ የነብር ራስ ያለባት የቻይና ባትሪ ናት። ባለ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ፣ ላመራዋ በኒኬል የተለበጠ፣ ወገቧ ጎድን ጎድን ያለው፣ በአውራ ጣት ወደፊት የምትገፋ ማብሪያ ያላት፣ ከማብሪያዋ አጠገብ ደግሞ ተጭነህ ብልጭ ድርግም የምታደርግባት ቀይ ቁልፍ። ከኋላ ክዳኗ ላይ ታጥፋ የምትገባ ማንጠልጠያ ቀለበት አላት። የነብር ራስ ከጓንግዡ የመጣ ምልክት ነው፣ ድንጋዩም ባትሪውም በዚሁ ስም ይሠራ ነበር። እኔ ያገኘኋት ምናለሽ ተራ ነው፣ አንድ ቆራሌ ከሰባራ ፔርሙስና ከምጣድ ክዳን ጋር ሲያራግፋት አየሁና ሳልከራከር ከፈልኩ። ሞላዋ ዝጎ ነበር በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ 2.5 ቮልት 0.3 አምፔር አምፖል ገባላት፣ በራች። ብርሃኗ ቢጫ ነው፣ ራሷን ቀስ እያልክ ስታዞራት ግድግዳው ላይ መሀል ያለው ድምቀት ይጠባል ይሰፋል፣ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ የአምፖሏ ሽቦ ቅርፅ ራሱ ግድግዳው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱን ለማየት ብቻ ስንቴ እንዳበራኋት አትጠይቁኝ

ከአዲሶቹ ደግሞ የምወደው ኮንቮይ ኤስ ሁለት ፕላስ የምትባል ጣት የምታክል አለች፣ ውስጧ የጃፓኑ ኒቺያ 219ቢ የሚባል ኤልኢዲ ነው ያለው። ባለቤቴን በዚህች ነው ያሳመንኳት። አንድ ምሽት መብራት የለም፣ እሷ በርበሬ ሰፌድ ላይ ዘርግታ ትለቅማለች፣ ከሱቅ በደረቴ የገዛናት ባለ ብዙ አምፖሏን ሰማያዊ ሰማያዊ የምትለዋን ባትሪ አበራሁላት፣ በርበሬው አመድ የነፋበት ቡናማ መሰለ። አጠፋሁና ኒቺያዋን አበራሁ። በርበሬው ቀይ ሆነ፣ በቃ ቀይ፣ ፍሬው ቅርፊቱ ተለይቶ። ምንም አላለችም ግን ከዛን ቀን ጀምሮ ያቺ ባትሪ ወጥ ቤት ነው የምታድረው አትመለስም

እናንተስ ምን አላችሁ? የቤተሰብ ዕቃ ያለው ካለ በተለይ መስማት እፈልጋለሁ

ኪያዬ
ወንድሜ ስልክ የለህም እንዴ? ሁሉም ስልክ ላይ መብራት አለ እኮ 😂

ባለሞላው
ኪያዬ ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። የስልክ መብራት ሪፍሌክተር፣ ማለት ብርሃኑን ወደፊት የሚሰበስበው የሚያብለጨልጭ ሳህን፣ የለውም፣ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ ቁልፍ ቀዳዳ ለመፈለግ ይሆናል፣ ግቢው መጨረሻ ላይ ጅብ ይሁን ውሻ ለመለየት ግን አይሆንም። ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መብራት በሌለበት ስልክህን በባትሪነት ጨርሰህ ጠዋት በምን ልትደውል ነው?

ኪያዬ
እሺ ይሁን ተሸንፌያለሁ። ግን ኖኪያ 1100 ባትሪ ያለው ስልክ ነበር እሱስ ስብስብ ውስጥ ይገባል?

ካቻቢቴ
ይገባል እንጂ! በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ስልክ ነው ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፣ ከሱ በላይ የተሸጠ የእጅ ባትሪ ካለ አምጡልኝ ሃሃ። እኔ መርካቶ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ ያንን ስልክ ሰው የሚያመጣልኝ ድምፁ ጠፋ ብሎ ሳይሆን "ባትሪዋ አልበራ አለች" ብሎ ነበር፣ በተለይ ከገጠር የሚመጡ ሰዎች።

ባለሞላው የሰማያዊውን ነገር እኔ ላስረዳ ምክንያቱም ብዙ ሰው ነጭ ብርሃን ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ነጭ ኤልኢዲ ማለት ውስጡ ሰማያዊ ነው፣ ላዩ ላይ ቢጫ ዱቄት ይለበጣል፣ ሰማያዊውና ቢጫው ሲደባለቁ ዓይናችን ነጭ ያደርገዋል። ሰማያዊውን ብሩህ አድርጎ ለገበያ ያበቃው ኒቺያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ናካሙራ ነው በ1993 እ.ኤ.አ.፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ከአካሳኪና ከአማኖ ጋር የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙበት እሱ ነው። ርካሾቹ ዱቄቱ ላይ ስለሚቆጥቡ ቀዩ ብርሃን የለም ማለት ይቻላል። ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካ ሲ አር አይ የሚሉት መለኪያ አለ፣ ከ100 ነው የሚታሰበው፣ ግን እሱ የስምንት ደብዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ስለሆነ ደማቁን ቀይ አይቆጥርም። ደማቁ ቀይ ለብቻው አር 9 ተብሎ ይለካል። ማሸጊያው ላይ 80 ብሎ ጽፎ አር 9 ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች የሆነ ሞልቷል። በርበሬው ላይ ያየኸው አር 9ን ነው

ባለሞላው
ካቻቢቴ ተባረክ፣ ለባለቤቴ ሳነብላት "ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ሰማያዊውን ገዛህ" አለችኝ

ሜሪ_ዲሲ
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ብቻዬን የታመምኩ መስሎኝ ነበር! እኔ ነርስ ነኝ፣ ኪሴ ውስጥ የታካሚ ዓይን የማይበት የብዕር ባትሪ አይጠፋም፣ እዛው ነው የጀመረኝ። ልስላሴ ያለው ቢጫ ብርሃን ሲሆን የበሽተኛው የቆዳ ቀለም የተሻለ ይታየኛል፣ ሰማያዊው ግን ሁሉንም ሰው ከንፈሩን የጠቆረ ያስመስለዋል፣ ስለዚህ የበርበሬውን ወሬ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ

የስብስቤ አንደኛ ግን የአባቴ ማግላይት ነው። አባቴ ዲሲ ታክሲ ሲነዳ ወንበሩ ስር የሚያስቀምጠው ጥቁር ረጅም አሉሚኒየም፣ ባለ አራት ትልልቅ ድንጋይ። ማታ ማታ የቤት ቁጥር ለማየት ነው ይለን ነበር፣ እናቴ ግን ዱላ መሆኑን ታውቃለች። የሠራው ሰው ቶኒ ማግሊካ ይባላል፣ ኒውዮርክ ተወልዶ ክሮኤሺያ ያደገ፣ ድርጅቱን በ1974 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ከፍቶ የመጀመሪያዋን ማግላይት በ1979 እ.ኤ.አ. አወጣ። ከዚያ በፊት የነበሩት ባትሪዎች አብዛኛዎቹ ላመራ ወይም ፕላስቲክ ነበሩ፣ እሱ መጥቶ አሉሚኒየም በማሽን ፈልፍሎ በየመጋጠሚያው ጎማ አስገብቶ ውኃ እንዳይገባ አደረገው። ከኋላ ክዳኑን ስትፈቱት ሞላው ውስጥ ትርፍ አምፖል ተቀምጦ ታገኛላችሁ! አባቴ እሱን አላወቀም ነበር፣ ስንት ዘመን ይዞት። ሳሳየው "ይሄን ሁሉ ጊዜ መለዋወጫ ተሸክሜ ነበር?" ብሎ ተገረመ

ባለሞላው
ሜሪ እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። ባለ አራት ድንጋዩ ኤልኢዲ ሊገባለት ይችላል የድሮው አምፖል መቀመጫ ላይ የሚሰካ አለ፣ ግን የአባትሽ ስለሆነ አትንኪው ባይ ነኝ

ሜሪ_ዲሲ
አልነካውም! ወንድሜ ኤልኢዲ እናድርግበት ብሎ ተጣልተናል

ሻምበል_ጡረታ
እንደምን አላችሁ ልጆች። የልጅ ልጄ ይሄን አሳየችኝና ለመጻፍ ተነሳሳሁ፣ ፊደሉን በአንድ ጣት ስለምጽፍ ታገሡኝ። በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት በጦሩ ውስጥ መገናኛ ነበርኩ። በ1953 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ጋር ውል ስለነበረን ትጥቃችንም ልብሳችንም የአሜሪካን ነበር፣ ከዕቃው ሁሉ ግን እኔ እስከ ዛሬ ያስቀመጥኩት አንድ ባትሪ ነው። አንገቱ የተሰበረ ይመስላል፣ ማለት ቀጥ ብሎ ይቆምና ራሱ ወደ ፊት ታጥፎ ያበራል፣ ከጀርባው ቀበቶ ላይ ወይም ደረት ኪስ ላይ የምትሰኩበት ጠፍጣፋ ብረት አለው፣ ሁለት እጃችሁ ነፃ ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ድንጋይ ይበላል። ታቹ ክዳን ውስጥ ባለ ቀለም መስታወቶች ተደርበው ተቀምጠዋል፣ ቀዩን ራሱ ላይ አድርገን ካርታ እናነብ ነበር። ነጭ ብርሃን ካያችሁ ጨለማ የለመደው ዓይናችሁ እንደገና እስኪለምድ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል፣ ቀዩ ግን ያን ያህል አያበላሸውም። አለቃችን ነጭ ያበራውን ወታደር ምን እንደሚለው እዚህ አልጽፍም።

አሁን ጥያቄ አለኝ። ድንጋዩ ውስጡ ተነፍቶ አልወጣ ብሏል፣ አረንጓዴና ነጭ ነገር ወጥቶበታል። በመዶሻ ልመታው ስል የልጅ ልጄ ጮኸችብኝ። ምን ላድርግ?

ባለሞላው
ጋሼ ሻምበል!! እርስዎ የሚሉት ባትሪ የኔ ሕልም ነው፣ ኤም ኤክስ 991 የሚባለው መሆን አለበት ወይም ከሱ በፊት የነበረው ቲ ኤል 122። እባክዎ መዶሻውን ያስቀምጡልኝ። ካቻቢቴ የት ነህ ና ቶሎ

ካቻቢቴ
አለሁ። ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ የልጅ ልጅዎ ትክክል ናት መዶሻ ይቅር።

መጀመሪያ የድንጋዩን ዓይነት ይዩት። ተራው የድሮ ድንጋይ ዚንክ ካርቦን ነው፣ የውጭ ቆርቆሮው ራሱ ኔጌቲቩ ነው፣ በተጠቀሙበት ቁጥር ቆርቆሮው እየተበላ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ይበሳና ውስጡ ያለው ይፈሳል። ለዛ ነው ድንጋዩ አልቆ ባትሪው ውስጥ መተው የሌለበት። ይሄ ዓይነቱ ፈሳሹ አሲድነት ስላለው በቤኪንግ ሶዳና ውኃ ነው የሚጸዳው። ላዩ ላይ አልካላይን የሚል ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፣ እሱን ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያጠፋዋል። ሰው ሁሉ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ዚንክ ካርቦን ላይ ሎሚ መጨመር አሲድ ላይ አሲድ ነው

የርስዎ ባትሪ አካሉ ፕላስቲክ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት ቱቦው አይበላም፣ የሚጎዱት ሞላውና በጎን የሚሄደው የመዳብ ዝርግ ናቸው። ጓንት ያድርጉ መነጽርም። ክዳኑን ከፍተው ቀላቅለው የሰሩትን ጠብታ ጠብታ በጠርዙ ያፍስሱበት፣ ይተዉት፣ ቆዳ ላይ ወይም እንጨት ላይ ቀስ እያሉ አፉን ወደ ታች አድርገው ይምቱት፣ ይደጋግሙት። አሁንም እምቢ ካለ አንድ ቪቴ በካቻቢቴ የድንጋዩ ቂጥ ላይ ትንሽ አስገብተው በፒንሳ ይጎትቱት። ይሄን የማስጠነቅቀው ለሁሉም ነው፣ ያለቀ ዚንክ ካርቦን ላይ ብቻ ነው እንዲህ የሚደረገው፣ ሊትየም ላይ ቪቴ የሚያስገባ ሰው ቤቱን ያቃጥላል በቃ

ሻምበል_ጡረታ
ቤኪንግ ሶዳ ልጄ ቤት አለ። እናመሰግናለን ልጄ።

ባለሞላው
ጋሼ ሲወጣልዎ ፎቶ። መሸጥ ከፈለጉ ደግሞ…

ሻምበል_ጡረታ
አልሸጥም።

ኪያዬ
😂😂 በነጥብ ጨረሰው

ኦዴሳ
ሰላም፣ የኔ አባት ኦዴሳ ነበር የተማረው ስሜም ከዛ ነው። ከሶቪየት ሲመለስ ካመጣቸው ነገሮች አንዱ ድንጋይ የማይበላ ባትሪ ነው። እጅህ ውስጥ ትይዘዋለህ፣ ከሥሩ ምላስ አለው፣ ስትጨብጠው እዝዝዝዝ ብሎ ይበራል፣ ስትለቀው ይደበዝዛል፣ እንደገና ትጨብጣለህ። ሩሲያኖቹ ዡቾክ ነው የሚሉት። ውስጡን ከፍቼዋለሁ (አባቴ እንዳይሰማ)፣ ምላሷ ጥርስ ጥርስ ያላቸውን ትንንሽ ጎማዎች ታዞራለች፣ እነሱ ማግኔት ያለበትን ከባድ ጎማ ያሽከረክራሉ፣ ዙሪያው የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ሌላ ምንም የለም። ከባዱ ጎማ ስለሆነ አንዴ ከተነሳ በቀላሉ አይቆምም ብርሃኑም ቶሎ አይቆራረጥም። ሆላንድ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፊሊፕስም እንዲህ ያለ ሠርቶ ነበር ድንጋይ ስለጠፋ

አንድ ችግር አለው፣ መሳቢያ ውስጥ ተደብቀህ ምንም ነገር መፈለግ አትችልም ሰፈሩ ሁሉ ይሰማሃል። እህቶቼ ማታ ከኩሽና ዳቦ ስሰርቅ በድምፁ ነበር የሚይዙኝ

ሜሪ_ዲሲ
የመጨረሻዋ መስመር ገደለችኝ 😂

ጀማሪ21
ጥያቄ አለኝ ስታወሩ ደስ አለኝና አንድ ልግዛ አልኩ። ሱቁ ውስጥ አንዱ 50,000 ሉመን ይላል ሌላው 3,000። ዋጋቸው ግን እኩል ነው ማለት ይቻላል። የቱ ይሻላል?

ባለሞላው
ሁለቱም ውሸት ሳይሆኑ አይቀሩም ወንድሜ ሃሃሃ። ከቻይናዎቹ ኢማለንት የሚባለው እውነተኛ 100,000 ሉመን ያለው ኤም ኤስ 18 የሚባል ሠርቷል፣ ግን እሱ ራሱን የሚያቀዘቅዝ ፋን አለው፣ ክብደቱም ዋጋውም አይቀመስም፣ ደግሞም ሙቀቱ ስለሚያስገድደው ሙሉ ብርሃኑን ብዙ አይቆይበትም ራሱ ይቀንሳል። ኪስ ውስጥ የምትገባ ርካሽ ባትሪ 50,000 ካለህ ሻጩ ቁጥሩን ከአየር ነው ያመጣው

ሉመን ማለት ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን በሙሉ ድምሩ ነው። ካንዴላ ደግሞ መሀል ላይ ምን ያህል እንደተሰበሰበ። ሩቅ ማየት የምትፈልግ ከሆነ ካንዴላውን ነው የምትጠይቀው። ስሌቱ ቀላል ነው፣ ካንዴላውን በአራት አባዛና ስኩዌር ሩት አውጣለት፣ የሚመጣው በሜትር ርቀቱ ነው። 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር ማለት ነው። ግን ያ ርቀት ማለት ብርሃኑ ሙሉ ጨረቃ ያህል ብቻ የሚሆንበት ቦታ ነው እንጂ ፊት የምትለይበት አይደለም፣ እኔ ለራሴ ሁሌ በግማሽ ነው የማስበው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ መለኪያ አለ አንሲ ኤፍ ኤል 1 ይባላል፣ ማሸጊያው ላይ ምልክቱ ካለ ቢያንስ በምን እንደለኩት ይታወቃል። እሱም ቢሆን ሰዓቱን ብርሃኑ ወደ አሥር በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ "12 ሰዓት ያበራል" ሲል 12 ሰዓት ሙሉ ቦግ ብሎ ይበራል ማለት አይደለም

ዱባይ_ሰው
ከዱባይ ነው። ጀማሪ21 ባትሪውን ከመምረጥህ በፊት ድንጋዩን አስብ፣ ዋናው እሱ ነው። ጥሩ ከሚባሉት ብዙዎቹ 18650 የሚባለውን ሊትየም ድንጋይ ነው የሚበሉት፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረቱ 65 ሚሊሜትር ርዝመቱ። ቁጥሩ ራሱ መጠኑ ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው ከዛ በላይ ቻርጅ መደረግ የለበትም

እዚህ ድራጎን ማርት ሄጄ የሚይዘው ኃይል "9900 ሚሊአምፔር ሰዓት" የሚል አየሁ። እንደዛ የሚባል 18650 በዓለም ላይ የለም፣ ጥሩ ጥሩዎቹ 3500 ገደማ ናቸው። አንድ ዘዴ አለኝ፣ ጓደኛዬ ወርቅ ቤት ስለሚሠራ በወርቅ ሚዛን እመዝናቸዋለሁ። እውነተኛው 45 ግራም ገደማና ከዛ በላይ ይመዝናል፣ ውሸቱ ብዙ ጊዜ ቀሎ ነው የሚገኘው። አንዱን ገልጠው ሲያዩት ውስጡ ትንሽዬ ድንጋይ ሆኖ ቀሪው ዱቄት የተሞላ እንደነበረ ብዙ ሰው ፎቶ ለጥፏል። ወርቅ ቤቱ ሰውዬ መጀመሪያ ቀን "ይሄ ስንት ካራት ነው" ብሎ ቀለደብኝ አሁን ግን እሱም ሁለት ባትሪ አለው

ወደ አገር ቤት የምትልኩ ወይ ይዛችሁ የምትገቡ ሰዎች፦ ትርፍ ሊትየም ድንጋይ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከሥር ከሚጫነው ጋር አይሄድም፣ በእጅ ይዛችሁ ነው የምትገቡት፣ እያንዳንዱ ጫፉ ሌላ ብረት እንዳይነካ በፕላስቲክ ሳጥን ወይ በፕላስተር ሸፍኑት። ኪሳችሁ ውስጥ ከቁልፍ ጋር አትክተቱት በእግዚአብሔር!

ካቻቢቴ
እውነት ነው የመጨረሻዋ። ሱሪ ኪሱ ተቃጥሎ የመጣ ደንበኛ አለኝ

ጀማሪ21
እና ምን ልግዛ ታዲያ? ስሙን ንገሩኝ ገንዘቤ ትንሽ ነው

ባለሞላው
በትንሽ ገንዘብ ኮንቮይ ወይም ሶፊርን ወይም ዉርኮስ፣ ዉርኮስ ኤፍ ሲ 11 የምትባለዋ በዩኤስቢ ታይፕ ሲ ራሷን ቻርጅ ታደርጋለች ለየብቻ ቻርጀር አይጠይቅህም፣ ኤልኢዲዋም ቀይ ያሳያል። ሱቅ ካላገኘህ ከውጭ የሚመጣ ሰው ጋር አስመጣ። የራስ ላይ ባትሪ ከፈለግክ ደግሞ ሌላ ነገር ነው

የላስታ_ልጅ
እኔ አስጎብኚ ነኝ ላሊበላ። በራስ ላይ ባትሪ ላይ አስተያየት አለኝ ከይቅርታ ጋር፦ አምጡ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ራሳችሁ ላይ አታስሩት። ቱሪስቱ ወደሚያየው ሁሉ ብርሃኑ ይሄዳል፣ የሚጸልዩ እናቶች ዓይን ውስጥ፣ ካህኑ ዓይን ውስጥ። እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ወደ መሬት ዝቅ አድርጋችሁ፣ በትንሹ ብርሃን።

ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው ዋሻ ግን ጨለማው ድቅድቅ ነው፣ የሲኦል ምሳሌ ነው ይባላል፣ እንግዳ ሳስገባ መጀመሪያ ባትሪ አጥፉ እላለሁ፣ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ይሄዳሉ። ሰው እዛ ውስጥ ባትሪ አብርቶ ከሄደ ምን አየ ታዲያ? ሌላው ቦታ ላይ ደግሞ ባትሪ ያስፈልጋል፣ ቤተ ማርያም ጣሪያው ላይ ያለው ሥዕል ከሥር ሆነህ በቀን እንኳ በደንብ አይታይም። ድሮ እንደ ሁሉም ሰው ነጭ የሆነ ባትሪ ነበረኝ፣ ቀዩ ቀለም ጭቃ ይመስል ነበር። አንድ ጀርመናዊ እንግዳ የራሱን ጥሎልኝ ሄደ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፣ ከዛ በኋላ ቀይና ቢጫው ተለይቶ ታየኝ። ስንት ዓመት ሳስጎበኘው የኖርኩት ሥዕል ነው

ባለሞላው
አየህ ይሄን ነው የምለው! ሰዎች "ስንት ሉመን ነው" ብለው ብቻ ይጠይቃሉ። እኔ መሳቢያ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ 1000 ሉመን አይደርሱም። ባትሪ የሚሰበሰበው ስለሚያበራው ብዛት ሳይሆን እያንዳንዱ ሌላ ዓይነት ብርሃን ስለሚሰጥ ነው፣ የነብሯ ሽቦ ጥላ ያለበት ቢጫ፣ የዡቾኩ የሚንቀጠቀጥ፣ የኒቺያው ቀይ። ይሄን ለሰው ስነግር ግራ ይጋባል

ባሌ_ጎባ
ላስታ ልጅ ላይ ልጨምር። ሶፍ ዑመር ዋሻ የሄደ አለ? 15 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ፣ ዌብ ወንዝ በሆዱ የሚያልፍበት። እዛ የሩቅ ብቻ ባትሪ ይዘህ ብትሄድ ጠባብ ጨረር ምሰሶው ላይ ስትተኩስ ትውላለህ ዙሪያህን አታይም። ሰፊ ብርሃን ያስፈልግሃል እግርህ የሚረግጠውን ለማየት፣ ሩቁን ደግሞ አልፎ አልፎ ጣሪያውን ለማየት። ዋሻ የሚገቡ ሰዎች ሕጋቸው በነፍስ ወከፍ ሦስት የብርሃን ምንጭ ነው፣ እኔ በዚህ አልቀልድም፣ አንዱ ውኃ ውስጥ ይወድቅብሃል ሁለተኛው ድንጋዩ ያልቃል። አቧራ ወይ እርጥበት ሲኖር ደግሞ ሰማያዊ ነጩ ፊትህ ላይ ጭጋግ ይሠራብሃል፣ ሞቅ ያለው ቀለም ዓይኔን ያሳርፈዋል

ኪያዬ
እሺ አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ትናንት ማታ የአያቴን ቤት ቁም ሳጥን ፈተሽኩ በናንተ ምክንያት። ረጅም ባለ ሦስት ድንጋይ አገኘሁ፣ ኒኬሉ ተላልጧል፣ ራሱ ሰፊ ነው ሾርባ ሳህን ያህል። አያቴ "እሱ የጃርት ባትሪ ነው" አለችኝ፣ አያቴ ወንዱ ሌሊት ማሳ ላይ ጃርትና ከርከሮ ሲጠብቅ የሚይዘው ነበር። አምፖሉ የለም። ባለሞላው እንዳትጠይቀኝ አልሸጥም

ባለሞላው
😂😂😂 ገና ሳልጠይቅ!! በስልክ የጀመርክ ሰው!

ምልክቱን እየው በእጄ ውስጥ ካለው ጋር ላስተያየው፣ አምፖሉ የገባበት ጥርስ ካለው ተጠምዝዞ የሚገባ ነው። ሦስት ድንጋይ 4.5 ቮልት ስለሚሆን የሁለቱን 2.5 ቮልት አምፖል ብታስገባበት አንዴ ፏ ብሎ ይቃጠላል፣ 3.8 ቮልት የሚል ፈልግ

ኦዴሳ
አንድ ጥያቄ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የተጀመረው ግን? የእጅ ባትሪ የሚባለው

ካቻቢቴ
1899 እ.ኤ.አ.፣ ኒውዮርክ። ዴቪድ ሚሴል የሚባል ፈጣሪ ፓተንቱን አወጣ፣ ኮንራድ ሁበርት የሚባል ከሚንስክ አካባቢ የተሰደደ ነጋዴ ድርጅት ነበረው፣ በኋላ ኤቨሬዲ የሆነው ማለት ነው። ቱቦው ወረቀት ነበር፣ ጫፉ ላይ የናስ ራስ፣ ውስጡ ድንጋዮች ተደርድረው። የዚያን ጊዜ አምፖሉ ሽቦው ካርቦን ስለነበረና ድንጋዩም ደካማ ስለሆነ ቀጥ ብሎ አያበራም፣ እየነካህ ብልጭ ብልጭ ነው የምታደርገው። ለኒውዮርክ ፖሊሶች በነፃ ሰጧቸው፣ ወደዱት፣ እነሱ የጻፉትን ምስጋና ማስታወቂያ ላይ አወጡት። ነጋዴ ነጋዴ ነው በየዘመኑ

ሻምበል_ጡረታ
ልጆች፣ ድንጋዩ ወጣ። አንደኛው በሶዳው ወጣ ሁለተኛው ግን ካቻቢቴ እንዳለው በቪቴ ነው የተጎተተው። ውስጡ ጸድቷል፣ ሞላው ግማሹ ዝጓል ግን ይሠራል። ታቹ ክዳን ውስጥ ቀዩ መስታወት አለ፣ ሌላኛው ተሰንጥቋል። አዲስ ድንጋይ አስገባሁበት አልበራም። አምፖሉ ጠቁሯል። አምፖሉ አንገቱ ላይ ጥርስ የለውም፣ ቀለበት ነው ያለው። የኪያዬ አያት ዓይነት አይደለም ማለት ነው?

ካቻቢቴ
አይደለም ጋሼ፣ የርስዎ ተጭኖ የሚገባ ነው ባለ ቀለበት፣ ፒ አር 2 ይባላል፣ ለሁለት ድንጋይ። ሱቄ ውስጥ የሬዲዮ አምፖሎች ሳጥን ስር ሦስት አራት አሉኝ፣ ከድሮ የቀሩ ናቸው። ከቅዳሜ በስተቀር የፈለጉበት ቀን ይምጡ፣ ቅዳሜ መርካቶ ለርስዎ አይመችም። ብር አልቀበልም ግን ባትሪውን ይዘው ይምጡ፣ ገጥሜ ማየት እፈልጋለሁ

ባለሞላው
የሚሄዱበትን ቀን ጻፉልኝ እኔም ልምጣ። አልገዛም በቃ ላየው ብቻ ነው

ሻምበል_ጡረታ
ማክሰኞ ጠዋት። ማየት ይፈቀዳል።

ኪያዬ
እኔም የጃርቱን ይዤ እመጣለሁ። 3.8 ቮልት አለህ ካቻቢቴ?

ካቻቢቴ
ልፈልግ። ሳጥኑን ገና አልጨረስኩትም